«ወርክ ፐርሚት እናወጣለን» የሚለው ማስታወቂያ ምን ይጎድለዋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ከሀዋሳ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ባሉ የመብራት ምሰሶዎች፣ በፒያሳ የፎቶ ኮፒ ቤቶች በር ላይ፣ እንዲሁም በጋዜጦች የማስታወቂያ ዓምዶች አንድ ዓይነት ጽሑፍ እየተደጋገመ ይነበባል፤ «የካናዳ፣ የፖላንድ፣ የዱባይ ወርክ ፐርሚት በአጭር ጊዜ እናወጣለን»። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። የአሠሪ ስም፣ የፈቃድ ቁጥር፣ የሥራው መጠሪያ ግን የለም። እኛ በዚህ ከተማ የቅጥር ውልና የቪዛ ሰነድ በማንበብና በማማከር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከሀዲያ፣ ከከምባታና ከወላይታ የሚመጡ ወጣቶች ያንን ቁጥር ደውለው ከብት የተሸጠበትን፣ ዕቁብ የወጣበትን ገንዘብ ያስገባሉ። ሞኝ ሆነው አይደለም። የሚገዙት ወረቀት ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያወጣው፣ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ስለሌለ ነው። ይህ ደብዳቤ ያንን ለማስረዳትና መጨረሻ ላይ ከእናንተም አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው።

መነሻው ይህ ነው። በአብዛኛው አገር የሥራ ፈቃድን ቀድሞ የሚጠይቀው አሠሪው ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለአንድ የታወቀ ድርጅት ወይም ቤት፣ ለአንድ የታወቀ ሥራ፣ ለአንድ የታወቀ ጊዜ ነው። አሠሪው ማን እንደሆነ ሳይነግር «ወርክ ፐርሚት አለኝ» የሚል ሰው የሚሸጠው ነገር በእጁ የለም። ያለ አሠሪ የሚሰጡ ጥቂት ፈቃዶች በእርግጥ አሉ፤ ወደ ኋላ እንመጣባቸዋለን፤ እነሱንም ቢሆን ደላላ አያወጣቸውም።

ሰው «ቪዛዬ ወጣ» ሲል ከሦስት ወረቀቶች የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ተቀባዩ አገር ለአሠሪው የሚሰጠው የመቅጠር ፈቃድ ነው። ሁለተኛው በፓስፖርት ላይ የሚመታው ወይም በኤሌክትሮኒክ የሚላከው የመግቢያ ቪዛ ነው። ሦስተኛው ከገቡ በኋላ የሚወጣው የመኖሪያና የሥራ መታወቂያ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው አንደኛው እንደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው እንደ ሦስተኛው እየተቆጠረ ሲሸጥ ነው።

ካናዳን እንውሰድ። አሠሪው መጀመሪያ ኤልኤምአይኤ የሚባለውን የሥራ ገበያ ተፅዕኖ ግምገማ ያስፈቅዳል። ማመልከቻው ለአንድ የሥራ ቦታ 1,000 የካናዳ ዶላር ያስከፍላል፤ አሠሪው ይህን ገንዘብ ከሠራተኛው መቀበል በሕግ ተከልክሏል። ግምገማው ከጸደቀ በኋላ ሠራተኛው በራሱ ስም የሥራ ፈቃድ ያመለክታል፤ 155 ዶላር ለፈቃዱ፣ 85 ዶላር ለአሻራና ለፎቶ ይከፍላል። ሲፈቀድለት የሚደርሰው የማስተዋወቂያ ደብዳቤና በፓስፖርቱ ላይ የሚመታ ቪዛ ነው። ፈቃዱ ራሱ የሚታተመው ካናዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ በድንበር መኮንኑ እጅ ነው። እንግዲህ ከአገር ወጥቶ ለማያውቅ ሰው እዚህ ሀዋሳ ላይ «የካናዳ ወርክ ፐርሚትህ ይኸው» ተብሎ ባለቀለም ወረቀት ከተሰጠው፣ ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው። ይህን ለማወቅ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ኤልኤምአይኤው እውነተኛ ሆኖ የተሸጠ የሆነበት አጋጣሚም አለ። ያ ደግሞ በካናዳ ሕግ ጥፋት ነው፤ የገዛው ሰው በቃለ መጠይቅ ወይም በምርመራ ከተደረሰበት በሐሰተኛ መረጃ ማቅረብ ተጠያቂ ሆኖ ለ5 ዓመት ሊታገድ ይችላል።

ፖላንድ ላይ አሠሪው ለቮይቮዳ፣ ማለትም ለክፍለ አገሩ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ያመለክታል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማመልከቻው የሚቀርበው በኤሌክትሮኒክ ብቻ ነው። በፈቃዱ ላይ የድርጅቱ ስም፣ የሥራው መጠሪያና ዝቅተኛው ደመወዝ ተጽፈው ይገኛሉ። ይህ ፈቃድ ቪዛ አይደለም፤ ኤምባሲው ዲ የሚባለውን ብሔራዊ ቪዛ ሊከለክል ይችላል፤ ይከለክላልም። ፈቃዱን አይቶ ሙሉ ክፍያ የከፈለ ሰው ቪዛው ሲከለከል ገንዘቡ የሚመለስለት በምን ውል እንደሆነ ቀድሞ በጽሑፍ ካልያዘ፣ የሚመለስለት ነገር የለም። ቱርክ አካሄዷ የተለየ ነው፤ ሠራተኛው መጀመሪያ በቱርክ ኤምባሲ ያመለክትና 16 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። አሠሪው በዚያ ቁጥር በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለአገሩ የሥራ ሚኒስቴር ያመለክታል። ቀኑ ካለፈ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። በቱሪስት ቪዛ ኢስታንቡል ገብታችሁ እዚያ ይወጣላችኋል የሚሉት እንግዲህ ይህንን አካሄድ ዘለው ነው።

እንግሊዝ ደግሞ በቅርቡ የተለወጠችና ማስታወቂያዎቹ ግን ያልተለወጡባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ የአረጋውያንና የሕሙማን ተንከባካቢ ሠራተኞችን ከውጭ አገር አዲስ መቅጠር ተዘግቷል። በዚያው ቀን የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ አጠቃላይ የደመወዝ ወለል በዓመት ወደ 41,700 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ዛሬም ግን «የእንግሊዝ ኬር ወርከር ስፖንሰርሺፕ» የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ። ስፖንሰር ለመሆን፣ ማለትም ሠራተኛ ከውጭ አገር ለመቅጠር፣ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ዝርዝር በእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። የድርጅቱ ስም እዚያ ከሌለ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ስሙ ካለም ለድርጅቱ በራሱ አድራሻ ጽፎ መጠየቅ ነው፤ የእውነተኛ ድርጅት ስም ተውሰው የሚያጭበረብሩ ብዙ ናቸውና። ለዚያ ቪዛ ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማስረጃም ማቅረብ አለበት፤ ማስረጃው የሚያገለግለው ለ6 ወር ነው። በጣም ቀድሞ ያሠራው ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ከሀዋሳና ከአካባቢዋ የሚሄደው ሕዝብ ትልቁ ክፍል ግን ወደ ዓረብ አገር ነውና እዚያ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ።

በኛ አገር ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 መሠረት፣ የቤት ሠራተኛ ቅጥር የሚፈጸመው ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩልና የሁለትዮሽ ስምምነት ወደተፈረመባቸው አገሮች ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኳታር፣ ዮርዳኖስና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከነዚህ መካከል ናቸው። ቀጥታ ቅጥርም ይፈቀዳል፤ አሠሪው የኢትዮጵያ ሚሲዮን ባልደረባ ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት ሲሆን፣ ወይም ሠራተኛው ሥራውን ራሱ ሲያገኝ። ይህ የመጨረሻው ግን የቤት ውስጥ ሥራን አይጨምርም። «እህቴ የምትሠራበት ቤት ጎረቤት ሠራተኛ ትፈልጋለች፣ ቪዛ ትልክልኛለች» የሚባለው መንገድ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያልታየ ውል ነው። ችግር ሲመጣ ተጠያቂ የሚሆን ኤጀንሲም፣ የተያዘ ዋስትናም አይኖርም።

ክፍያን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ግልጽ ሆኖ ሳለም በየቀኑ የሚጣሰው ይኸው ክፍል ነው። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። የፓስፖርት፣ የልደት ማስረጃ፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማረጋገጫ፣ የጤና ምርመራ፣ የክትባትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወጪ የሠራተኛው ነው። የኤጀንሲው የአገልግሎት ዋጋ የሚገኘው ከአሠሪው ነው። እንግዲህ «የቪዛ»፣ «የትኬት»፣ «የኢቃማ» (የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ) ተብሎ ከሠራተኛዋ የሚጠየቅ እያንዳንዱ ብር ሕጉ አሠሪው ላይ የጣለውን ዕዳ ወደ እሷ ማዞር ነው። ሳዑዲም በበኩሏ በሥራ ሕጓ አንቀጽ 40 የኢቃማና የሥራ ፈቃድ ክፍያ፣ እድሳታቸውና የዘገየበት ቅጣት በአሠሪው ላይ ነው ትላለች። ገንዘብ ሲከፈል ደረሰኝ ይጠየቅ፤ ደረሰኙ ላይ የኤጀንሲው ስምና የተከፈለበት ምክንያት ይጻፍ። በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ለግለሰብ የተላከ ገንዘብ በኋላ «ለምን ተላከ?» ሲባል መልስ የለውም።

የሕጋዊው መንገድ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። የፋይዳ መታወቂያና ፓስፖርት ይያዛል፤ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሀዋሳ ላይ ቅርንጫፍ ስላለው ለፓስፖርት አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ ምዝገባ ይደረጋል። የሙያ ሥልጠና ይወሰዳል፤ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይፈተናል። ኤጀንሲው የአሠሪውን ጥያቄ ያቀርባል፤ የጤና ምርመራ ይደረጋል፤ ውሉ በሚኒስቴሩ ይጸድቃል፤ የቅድመ ጉዞ ገለጻ ይሰጣል፤ ከዚያ በረራ። ቅደም ተከተሉ የተዛባ ከሆነ፣ ለምሳሌ ውል ሳይታይ ትኬት ከተቆረጠ፣ መቆም ያለበት እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን። በፈቃዱ ላይ የተጻፈው የሥራ መጠሪያ ሠራተኛዋ በየትኛው ሕግ እንደምትዳኝ ይወስናል። በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለዓመታት የስፌት ማሽን ላይ የሠራች ልጅ «ሳዑዲ ልብስ ፋብሪካ» ተብላ ትመለመላለች። ቪዛዋ ላይ በዓረብኛ «ሚህና» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው ግን «ዓሚላ መንዚሊያ» ነው፤ የቤት ሠራተኛ። እዚያ ስትደርስ ሥራዋ ፋብሪካ ቢሆን እንኳ በሕግ ፊት የቤት ሠራተኛ ናት። ፋብሪካ ውስጥ ስትገኝ ከፈቃዷ ውጭ የምትሠራ ተብላ የምትያዘውም እሷ ናት። የሳዑዲ ጠቅላላ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከ12 ወር በኋላ ያለ አሠሪው ስምምነት ሥራ እንዲቀይር ሲፈቅድ፣ የቤት ሠራተኞችን፣ የግል ሾፌሮችን፣ አትክልተኞችንና እረኞችን ውጭ ትቷቸዋል። የቤት ሠራተኞች የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ በቀን ከ10 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ፣ በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት፣ በሁለት ዓመት አንድ ወር የሚከፈልበት ፈቃድ፣ አራት ተከታታይ ዓመት ለሠራች የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ። ደንቡ ፓስፖርት መያዝንም ይከለክላል። መጥፎ ደንብ አይደለም። ነገር ግን የፋብሪካ ውል ያላት ሠራተኛ ከምታገኘው የተለየ ነው። ስለዚህ ቪዛው ላይ ያለውን መጠሪያ ዓረብኛ በሚያነብ ሰው ማስነበብ የሚደረገው ከመብረር በፊት ነው።

የዕድሜ ጉዳይም እዚህ ላይ ይነሳል። በኛ ሕግ ዝቅተኛው 18 ዓመት ነው። ሳዑዲ ግን ለቤት ሠራተኛ 21 ዓመት ትጠይቃለች። ደላላው «ችግር የለም፣ ሦስት ዓመት እንጨምርበታለን» ይላል። በተጨመረው ዕድሜ ፓስፖርት የወጣላት ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሳ ጀርመን ወይም ካናዳ ስታመለክት የትምህርት ማስረጃዋና ፓስፖርቷ አይገጥሙም። ፋይዳ ደግሞ አሻራን ከአንድ የልደት ቀን ጋር አስሮ ይይዛል። ያኔ ለማስተካከል የሚፈጀው የፍርድ ቤትና የወሳኝ ኩነት ምልልስ ዛሬ ሦስት ዓመት ከመጠበቅ አይቀልም።

«ፍሪ ቪዛ» የሚባለው እንዲህ ዓይነት ቪዛ በየትኛውም የባሕረ ሰላጤ አገር ሕግ ውስጥ የለም። አንድ ዜጋ በስሙ ቪዛ አውጥቶ ሠራተኛውን «ሂድ፣ የፈለግህበት ሥራ፣ በዓመት ይህን ያህል ክፈለኝ» ሲለው ነው ፍሪ ቪዛ የሚሉት። ሠራተኛው ሌላ ቦታ በተገኘ ቀን ጥፋተኛ ይሆናል፤ ስፖንሰሩም ባኮረፈ ቀን «ጠፍቶብኛል» ብሎ ሁሩብ ያስመዘግበዋል። ሁሩብ የተመዘገበበት ሰው ኢቃማው አይታደስም፤ ባንክ አይከፍትም፤ ሕጋዊ መውጫ ቪዛ ለማግኘትም ይቸገራል። በዑምራ ቪዛ ገብቶ መሥራትም ያው ነው። ዱባይ ላይ በጉብኝት ቪዛ የሚያሠራ አሠሪ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ከ100,000 እስከ 1,000,000 ድርሃም ይቀጣል፤ አሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ «ቆይ ይወጣልሻል» እያሉ ደመወዙን በጥሬው ከፍለው፣ ቁጥጥር ሲመጣ አላውቃትም ይላሉ። ጉብኝቷ ካለፈ ደግሞ በቀን 50 ድርሃም ቅጣት በእሷ ስም ይቆጥራል። በትክክል የገባ ሠራተኛ የመግቢያ ፈቃዱ 60 ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ የጤና ምርመራ፣ አሻራና የኤምሬትስ መታወቂያ ያልቃል። ወሩ አልፎ ለምርመራ ያልተወሰደ ሰው አሠሪውን መጠየቅ አለበት፤ መልስ ካላገኘ ለሰው ኃይልና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር ያመልክት።

ኳታር ከጎረቤቶቿ ቀድማ አንዳንድ ነገር አሻሽላለች። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው፤ አሠሪው ማደሪያ ካላቀረበ 500፣ ምግብ ካላቀረበ 300 ይጨምራል። ይህ የቤት ሠራተኞችንም ያጠቃልላል። ከዚህ በታች የተጻፈበት የኳታር ውል ሕጋዊ አይደለም፤ ሥራ ፈላጊዋ ሳትፈርም ልትመልሰው ትችላለች። ሥራ ለመቀየርም የአሠሪው የእሺታ ወረቀት ቀርቷል፤ ሁለት ዓመት ላልሞላው የአንድ ወር፣ ከዚያ በላይ ለሠራ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይበቃል።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለሚኬደው በአጭሩ። በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ አልፎ የገባ ሰው እዚያ የሚይዘው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በአገሩ የስደተኞች ሕግ ክፍል 22 የሚሰጠው የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው። ወረቀቱ እስኪወሰን ድረስ ለመቆየት ነው፤ በየጊዜው ይታደሳል፤ ማመልከቻው ውድቅ በሆነ ቀን ሱቁም ሥራውም አብሮ ይቆማል። የሥራ ቪዛ አይደለም። ይህን የሥራ ቪዛ ብሎ የሚያስከፍል ደላላ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር በማሻገር ሊጠየቅ ይችላል።

ሙያ ላላቸው ወጣቶች፣ ለነርሶች፣ ከፖሊ ቴክኒክ ለወጡ ኤሌክትሪሻኖችና መካኒኮች፣ በእኛ ግምት ብዙ ልፋት ቢጠይቅም በሕግ የተዘረጋው መንገድ የጀርመን ነው። ሦስት በር አለው። አንደኛው ሥራ ተገኝቶ፣ ሙያው እውቅና አግኝቶ የሚኬድበት ነው። ነርስ ከሆነች የጀርመንኛ ቢ2 ደረጃ (ከመካከለኛ ከፍ ያለ የቋንቋ ችሎታ) እና የሙያ እውቅና ያስፈልጋታል፤ እውቅናው ከፊል ከሆነ የጎደለውን እዚያ በሥልጠና ወይም በፈተና የምትሞላበት ቪዛ አለ። ሁለተኛው አውስቢልዱንግ ነው፤ እየተከፈለ ሙያ መማር፤ በተለምዶ ቢ1 ይጠየቅበታል። ሦስተኛው ያለ አሠሪ ከሚሰጡት ጥቂት ፈቃዶች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያለው ቻንሰንካርተ፣ ሥራ ለመፈለግ እስከ አንድ ዓመት የሚያቆይ። ቢያንስ ሁለት ዓመት የፈጀና በአገሩ መንግሥት የታወቀ የሙያ ሥልጠና ወይም ዲግሪ፣ ጀርመንኛ ኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ወይም እንግሊዝኛ ቢ2፣ በነጥብ አሰጣጡም ቢያንስ 6 ነጥብ ይጠይቃል። ከዚህ በላይ ራሱን የሚችልበት ገንዘብ ማሳየት አለበት፤ ለ2025 በወር 1,091 ዩሮ፣ በዓመት 13,092 ዩሮ ነበር። ገንዘቡ በተዘጋ ሒሳብ በራሱ በአመልካቹ ስም ይቀመጥና እዚያ ሲደርስ በየወሩ ይለቀቅለታል። እዚያ ያለ ሰው በሳምንት 20 ሰዓት የትርፍ ጊዜ ሥራ መሥራት ይችላል። የብሔራዊ ቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው። አማላጅ ነኝ ባይ «ለኤምባሲው» ብሎ በመቶ ሺዎች ሲጠይቅ ይህን ቁጥር ማስታወስ ይጠቅማል። ቋንቋው አይሸጥም፤ ፈተናው አዲስ አበባ በሚገኘው በጎተ ኢንስቲትዩት ይሰጣል። ወጣቱ ለደላላ ሊሰጥ ያዘጋጀው ገንዘብ አንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ይሸፍንለታል፤ ይህን ደጋግመን ብንናገረው አይሰለቸንም።

ሰዎች የሚወድቁበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ሕግ ላይ አይደለም። ስምና ቀን ላይ ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዱ ጽሕፈት ቤት በ«ቲ» ብቻ፣ ሌላው በ«ቲኤስ» ይጀምረዋል። ፓስፖርቱ፣ ዲፕሎማው፣ የልደት ማስረጃውና የሥራ ልምዱ አራት ዓይነት አጻጻፍ ይዘው ኤምባሲ ሲቀርቡ አራት ሰው ይሆናሉ። መጀመሪያ ፓስፖርቱ ይውጣ፤ ሌላው ሁሉ የፓስፖርቱን ፊደል ይከተል። ቀንም እንዲሁ። የዘመን አቆጣጠር ሲለወጥ ብዙ ጸሐፊዎች ለሁሉም 8 ዓመት ይደምራሉ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ድረስ ያለው ልዩነት ግን 7 ነው። ጥቅምት 5 ቀን 1995 የተወለደ ልጅ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 2002 ነው የተወለደው፤ 2003 ብሎ የጻፈለት ሰው አንድ ዓመት ወስዶበታል። የትምህርት ማስረጃ ደግሞ ለውጭ አገር ከመተርጎሙ በፊት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ በሚሄዱበት አገር ኤምባሲ ይረጋገጣል። ማኅተሞቹ በዚህ ተራ ካልመጡ ቀጣዩ ቢሮ ይመልሰዋል። ፓስፖርቱ ቢያንስ ከውሉ ጊዜ በላይ የሚያገለግል ይሁን፤ ካናዳን በመሳሰሉ አገሮች የሥራ ፈቃድ ከፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን አልፎ ስለማይሰጥ፣ አንድ ዓመት የቀረው ፓስፖርት የሁለት ዓመት ፈቃድን ወደ አንድ ዓመት ይቆርጠዋል።

ፈቃዱ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ መሆኑ ሠራተኛውን መከራ ተሸክሞ እንዲኖር እንዳያደርገው የተወሰኑ መውጫዎች አሉ፤ ሰው ሳያውቃቸው ይቀራል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2019 ጀምሮ በአሠሪው ጥቃት ወይም በደል ለደረሰበትና ከአሠሪ ጋር የታሰረ ፈቃድ ላለው ሠራተኛ ለጊዜው ክፍት የሥራ ፈቃድ ትሰጣለች፤ የሚያመለክተው ግን ፈቃዱ ሳያበቃ ነው። ማስረጃው ትንሽም ቢሆን ይያዝ፤ የደመወዝ ወረቀት፣ የስልክ መልእክት፣ የሰዓት መዝገብ። ሳዑዲም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ከሥራ መቅረቱ የተመዘገበበት የድርጅት ሠራተኛ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ሌላ አሠሪ እንዲዛወር ወይም በሕጋዊ መንገድ እንዲወጣ ዕድል ትሰጣለች። 60 ቀኑ ሲያልፍ ዕድሉ ይዘጋል፤ ስለዚህ የኢቃማውን ሁኔታ በራሱ ስልክ በአብሸር መተግበሪያ ማየት መቻል አለበት። የመተግበሪያው የይለፍ ቃል በካፊሉ፣ ማለትም በስፖንሰሩ፣ እጅ መቅረት የለበትም።

አዘጋጆች ሆይ፣ ከእናንተ የምንለምነው ይህ ነው። የውጭ አገር ሥራ ማስታወቂያ ከማተማችሁ በፊት አስነጋሪውን አራት ነገር ጠይቁት፤ የኤጀንሲው የፈቃድ ቁጥር፣ የአሠሪው ስምና አገር፣ በቪዛው ላይ የሚጻፈው የሥራ መጠሪያ፣ ከሠራተኛው የሚጠየቅ ክፍያ ካለ ዝርዝሩ። እነዚህ በማስታወቂያው ውስጥ ይታተሙ። ማተም ያልፈለገ አስነጋሪ ያልፈለገበትን ምክንያት ያውቃል። የፈቃድ ቁጥሩንም ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የኤጀንሲዎች ዝርዝር ጋር ማመሳከር ለአንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለክልል አንባቢዎችም በሲዳምኛ፣ በሀዲይሳና በወላይትኛ የሚያነቡ ወጣቶች እንዳሉ አስባችሁ፣ ሕጋዊ የክፍያ ዝርዝሩን፣ ማለትም የትኛው የአሠሪ፣ የትኛው የሠራተኛ እንደሆነ፣ በትንሽ ሣጥን ደጋግማችሁ ብታወጡት፣ በሚቀጥለው ሳምንት መናኸሪያ ላይ ያንን ስልክ ቁጥር የሚደውል ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀውን ጥያቄ ይዞ ይደውላል፤ «አሠሪው ማነው? ክፍያውስ በማን ስም ነው የሚቆረጠው?»

ከአክብሮት ጋር፣
የሥራ ስምሪት ሰነዶች አማካሪዎች
ሀዋሳ